ሦስት ጊዜ የታረመው ጉድጓድ

እህቴ በወንጪ መንገድ በሚመጣው ሚኒባስ አምቦ በወረደች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ጤናዬ አልነበረም። "ቢሻን ሆ?" ትለኛለች። ውሃውስ? ማለቷ ነው። የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ ውሃውን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ የያዝኩት ይመስላት ነበር። የመንደሯም ሰው እንደዚያው ነበር የሚያስበው። ለበዓል እነሱ ዘንድ ስሄድ ሽማግሌዎቹ "ኦቦ ኢንጂነር መጣ!" ብለው ከመቀመጫቸው ይነሱልኛል። ያለኝ ዲፕሎማ ብቻ እንደሆነ፣ ሥራዬም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ካርታ መሥራት እንደሆነ ብነግራቸው ትሕትና ነው ብለው ይብሱን ያከብሩኝ ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ አልተከራከርኳቸውም።

ጊዜው ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው። እህቴ ታላቄ ናት፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝም እሷ ናት። ያገባችው ከአምቦ ወደ ወንጪ ከሚወጣው መንገድ ታጥፎ ገባ ብሎ ያለ መንደር ነው። መሬቱ የሰጡትን ያበቅላል፤ ጤፉም ስንዴውም ጥሩ ነው። ውሃ ግን የላቸውም። ሰዉም ከብቱም ልብስ አጣቢውም የሚወርደው አንድ ወንዝ ነው፤ ክረምት ጭቃ ነው፣ በጋ አረንጓዴ። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን፣ ገና ድክ ድክ ማለት የጀመረች ሴት ልጅ፣ በዚያ ወንዝ ሰበብ ቀብራለች። ተቅማጥና ትውከት ነበር፤ መኪና እስኪገኝ እንኳ አልቆየችም።

ከዚያ ወንድ ልጅ ወለደች። ሌላ እናት ልጇን ስታቅፍ ትስመዋለች፣ ታስቀዋለች፤ እሷ ግን ሆዱን ትዳብሰዋለች። ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለኝ፦ "ይኼኛው እንዳያመልጠኝ። አፈላለታለሁ፣ ግን እንጨቱስ ከየት ይምጣ? ዞር ስል ደግሞ ልጆች ይዘውት ወርደው ከወንዙ ያጠጡታል።" ባሏ ጥሩ ሰው ነው፤ ጸሎት ቤት ቆመው ስለ ውሃው አብረው ይጸልዩ ነበር። በጸሎታቸው ውስጥ የእኔም ስም እንደሚጠራ ስሰማ ወሬውን ወደ ሌላ አዞር ነበር።

መንደሩ ጉድጓድ እንዲቆፈርለት በዕቅድ ሲያዝ ደስታዬን መግለጽ አልችልም። ከክልል አንድ ጂኦሎጂስት መጣ፤ ዝምተኛ፣ ሽቦና ብረት የተሸከመ ሰው። ይዤው ሄድኩ። እህቴ ቆሎ ይዛ ከኋላችን ስትከተል ዋለች። ሰውየው መሣሪያውን ሲተክል ሲነቅል ውሎ በመጨረሻ ከአንድ የገብስ ማሳ ዳር፣ ከትልቅ ሾላ ሥር ቆመ። "እዚህ ጋ ነው" አለ። "ጥሩ ውሃ ነው። ከዚህ ወደ ማዶው ሜዳ ግን እንዳትሻገሩ፤ እዚያ ያለው ሌላ ውሃ ነው።" ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። የአምቦ ሰው ሌላ ውሃ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አገራችን ከሥሯ የምትፈላ አገር ናት። ሰውየው ካርታውን ዘረጋ፣ ቦታውን በእርሳስ ምልክት አደረገበት፣ ቦታው የሚገኝበትን ቁጥርም ከካርታው ላይ አንብቦ ጻፈልን።

አሁን ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በየቢሮው ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ የሚቀመጠው የድሮ የወረቀት ካርታ ምድርን የሚለካው በራሱ መነሻ ነው። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ደግሞ ከሳተላይት ነው የሚያነበው፤ መነሻው ሌላ ነው። ሁለቱም አይዋሹም። ግን የአንድን ዛፍ ቁጥር ከካርታው ወስደህ በጂፒኤሱ ብትፈልገው ዛፉ ካለበት ሁለት የኳስ ሜዳ ያህል ርቀህ ትቆማለህ። ስለዚህ ከካርታ የተወሰደ ቁጥር በጂፒኤስ ከመሄድህ በፊት ይታረማል። እርማቱ ቀላል ነው፤ የተወሰነ መጠን ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ መግፋት ነው። አንድ ጊዜ።

ያኔ በዞናችን ይህን የሚያርም ቢሮ ነበር፣ የማያርምም ነበር። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ ካርታ ነበረው፤ ለሌላው ደግሞ አያሳይም። በእኛ ካርታ አንድ ትምህርት ቤት ወንዝ ውስጥ ነበር። በጤናዎቹ ካርታ አንድ ጤና ኬላ ወደ ጎረቤት ወረዳ ተሰዶ ነበር። የመንገዶቹ ድልድይ ምንም ወንዝ በሌለበት ሜዳ ላይ ቆሟል። ልጠይቅ ስሄድ የሚሰጠኝ መልስ ያው ነው፦ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው፣ ደብዳቤ አምጣ። ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ ደግሞ "ፍላሽህ ቫይረስ አለው፤ ኮምፒውተራችን ላይ አትሰካው።" ይህን ሲሉኝ እጄ ውስጥ የበሽተኛ ፎጣ የያዝኩ ያህል ይሸሹኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ነገር ስይዝ አልለቅም፤ ሚስቴ "መዥገር" የምትለኝ ያለ ምክንያት አይደለም። አለቃዬን ነዘነዝኩ፣ የእሱን አለቃ አስነዘነዝኩ፣ በመጨረሻ አምስቱ መሥሪያ ቤቶች በአንድ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብለው ከፈቱት፤ አጨበጨብን። ውይይቱም ደግ ነበር። ሁሉም ካርታ በየቢሮው ወደ ሳተላይቱ ንባብ እንዲታረም፣ ከዚያም ሁላችንም ያለንን እንድንለዋወጥ ተስማማን። እጄን አወጣሁ፤ "እያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ታርሟል ወይም አልታረመም ተብሎ ይጻፍበት" አልኩ። ሰብሳቢው ፈገግ አሉና "እሱ ዝርዝር ነው፤ በየቢሮው ይታያል" አሉ። ምሳ ደርሶ ነበር። ሰዉ ወንበሩን ወደ ኋላ መግፋት ጀምሯል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም የተባለውን አደረገ። የሚያቃጥለኝም ይኼው ነው፤ የሰነፈ ሰው ቢኖር ኖሮ እሱን እየረገምኩ እኖር ነበር። እኛ የሾላውን ሥር ነጥብ አረምነው፣ ለመሬት መሥሪያ ቤት ላክነው። እነሱ ቦታውን ያስለቅቃሉ። የመሬቱ ባለሙያ ደግሞ ከውሃ መሥሪያ ቤት የሚመጣ ነጥብ ከድሮ ካርታ እንደሆነ ስለሚያውቅ አረመው። ነጥቡ በዚህ ጊዜ ከሾላው ተሻግሮ ማዶው የግጦሽ ሜዳ ላይ አረፈ። ሜዳው የወል ስለሆነ የሚከራከር ባለ እርሻ አልነበረም፤ ሜዳው ተለቀቀ። ነጥቡን ለመንገድ መሥሪያ ቤት አስተላለፉት። እነሱ መቆፈሪያው የሚገባበትን መንገድ ይጠርጋሉ፣ ችካሉንም ይተክላሉ። የመንገዱም ልጆች ስብሰባው ላይ ነበሩ፤ ቁም ነገረኞች ናቸው። እነሱም አረሙት፤ ነጥቡ ወደ ሜዳው መሃል ገባ።

ማንም ማንንም አልጠየቀም። በእኛ አገር አንድን ባለሙያ "ይህን አድርገሃል ወይ?" ብሎ መጠየቅ "አታውቅም" ከማለት አይተናነስም። ይሉኝታ ይይዝሃል። አትጠይቅም፤ ዝም ብለህ ታርምለታለህ፣ ማረምህንም አትነግረውም፣ እንዳይከፋው።

አንድ ቀን የእህቴ ባል ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ደወለልኝ። "መኪናው መጣ! ተራራ የሚያህል መኪና!" አለኝ። ከበስተኋላው የሴቶች እልልታ ይሰማኛል። የቢሮ ሞተር ሳይክል ለምኜ ወጣሁ። ስደርስ መንደሩ በሙሉ ወጥቷል። መኪናው ግን ሾላው ጋ አልነበረም። ማዶ፣ ከቦዩ ባሻገር፣ ሜዳው መሃል ቆሟል። ከፊቱ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል አለ። እዚያ ሜዳ ላይ ከብቶች ጨው ፍለጋ አፈሩን የሚልሱበት ሆራ እንዳለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለምን ዝም አላችሁ ብዬ ብጠይቃቸው አንዱ ሽማግሌ እየሳቁ "ኦቦ ኢንጂነር፣ አንተ አይደለህ እንዴ ያስተካከልከው?" አሉኝ።

የመቆፈሪያው ኃላፊ ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ሰው ነበር፤ አልጮኸብኝም። "ወንድሜ፣ እኔ የምቆፍረው ችካል ያለበት ነው" አለኝ። "የተለቀቀው መሬት ይኼ ነው፣ የተጠረገውም መንገድ እስከዚህ ነው። ሾላው ያለበት የሰው እርሻ ነው፤ ገብስ ላይ ልውጣ? ከመሬቱና ከመንገዱ ቢሮ ደብዳቤ አምጣልኝ፣ ነቅዬ እሄድልሃለሁ።"

"እስከዚያ ትጠብቀኛለህ?"

"መቆፈሪያ ሥራ ፈትቶ አይውልም። ነገ ጠዋት እንጀምራለን። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ደግሞ ማንሳቱ እየከበደ ይሄዳል፤ ቶሎ በል።"

እህቴ ልጇን አዝላ በሰዎቹ መካከል ወደ እኔ መጣች። "ምንድን ነው ፊትህ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት፤ "ወረቀት ጎድሏል።" ሞተሩን አዙሬ ወረድኩ።

አለቃዬ ችካሉ የእኛ አይደለም አለኝ፤ እውነቱን ነው። መሬት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ግማሾቻችንን ልኬት ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። የሉም። ጊንጪ ለቅሶ ሄደዋል። ረዳታቸው ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየ፣ ነጥቡ እንደተገፋም አየ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘጋው። "የጋሼን ሥራ እኔ ተሳስቷል ብዬ ልፈርም?" አለኝ። ምን ልለው? እኔም ብሆን አልፈርምም ነበር።

ጊንጪ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ጋሼ ከጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ የሞተው የሚስታቸው ወንድም ነበር። ለቅሶ ቤት ገብቶ የቢሮ ነገር ማንሳት ነውር ነው። ነፍስ ይማር ብዬ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ። ያ መቆፈሪያ ነገ ጠዋት ሥራ ይጀምራል፤ እኔ ባቄላ እያኘክሁ ስለ ሟቹ ደግነት እሰማለሁ። በመጨረሻ ሰዉ ሳሳ ሲል ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። "አርማችሁት ነበር እንዴ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"እርስዎስ ለምን አልጠየቁንም?"

"እናንተን?" አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "የተማራችሁትን ልጆች 'ይህችን ታውቃላችሁ?' ብዬ ልጠይቅ? ይባላል እንዴ?" ከዚያ ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ለሟቹ ያለቀሱ መስሏቸው ያባብሏቸው ጀመር። እኔም ትከሻቸውን ያዝኩ፤ የእኔም እንባ ስለመጣ እኔንም አባበሉኝ።

ማኅተሙ አምቦ ስለሆነ በማግስቱ ጠዋት፣ ሐዘናቸውን ጥለው፣ መጥተው ፈረሙልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። የቀረው የመንገዱ ቢሮ ብቻ ነበር። እዚያ ያሉት ልጆች ስህተቱን ወዲያው ተረዱ፤ አንዱ ራሱን ያዘ። ግን አዲስ መንገድ ለመጥረግ አለቃው መፍቀድ አለበት፤ አለቃው ደግሞ አዳማ ስብሰባ ላይ ነው። ስልኩ አይነሳም። ሲነሳም "ስመለስ እናየዋለን" ይላል። ሳምንቱ እንዲህ አለቀ። በየምሽቱ የእህቴ ባል ጉብታው ላይ ወጥቶ ይደውልልኛል፤ "ዛሬ ብዙ ወርደዋል፣ ጸልይ" ይለኛል። እኔ ደግሞ አምላክ ያን ማሽን እንዲሰብርልኝ ነበር የምጸልየው።

የመንገዱ አለቃ ተመልሶ የፈረመ ቀን ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ስበር ሄድኩ። ገና ከዋናው መንገድ ስታጠፍ ሰማሁት። እልልታው ከጉብታው ማዶ ይመጣል። "ቢሻን! ቢሻን!" ይላሉ።

ውሃው ነጭ ሆኖ ወደ ላይ ይተፋል፤ አረፋ አለው፣ ለብ ይላል። ልጆች ራቁታቸውን ከሥሩ ይዘላሉ። እህቴ ጭቃው ላይ ተንበርክካ መዝሙር ትዘምራለች። ስታየኝ ተነሥታ አቀፈችኝ፣ ፊቴን በርጥብ እጇ አበሰችኝ። "ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ!" አለችኝ። ከዚያ በእፍኟ ቀድታ ጠጣች። ፊቷን አየሁት። ፊቷ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ሳቀች። ሰዉም መሳቅ ጀመረ፦ "የጠርሙሱ ነው! አምቦ ውሃ በነፃ!" አንዱ ትንሹን የእህቴን ልጅ አቀመሰው፤ ጋዙ አፍንጫው ውስጥ ገብቶ ሲያስነጥሰው ሰዉ ፈነደቀ። እኔ ወረቀቱን ከደረቴ አላወጣሁም። ለማን ነው የምሰጠው? የመቆፈሪያው ኃላፊ በሩቁ አየኝና አንገቱን ደፋ።

ፓምፕ ተተከለ። ሪባን ተቆረጠ። ንግግር ያደረጉት ሰው የአምስት መሥሪያ ቤቶች የቅንጅት ፍሬ ነው አሉ፤ አጨበጨብን።

ከዚያማ ውሃው ራሱን ገለጠ። ሻይ ሲፈላበት ጠቆረ። ባቄላ ሲቀቀልበት ውሎ አልበስል አለ። ወጡ የዝገት ጣዕም አመጣ። ልጆች ሆዳቸውን አመማቸው፤ ትንሹ ደግሞ በጠጣው ቁጥር ያስመልሰው ነበር። የላብራቶሪው ውጤት ዘግይቶ መጣ፦ ለሰው መጠጥ አይሆንም። ሴቶቹ አንድ በአንድ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ተመለሱ። ከብቱ ግን ወደደው። ከሩቅ መንደር ሁሉ እየተነዳ ይመጣል፣ ጠጥቶ ይወፍራል። የምቀናው በከብት ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ካርታው ላይ ግን ሰማያዊ ነጥብ ሆኗል። ሰማያዊ ማለት ንጹሕ ውሃ ያለው መንደር ማለት ነው። አለቃዬን ይቀየር አልኩት። "ሪፖርት ተደርጓል" አለኝ፤ "የንጹሕ ውሃ ሽፋናችን ይወርዳል።" በገዛ እጄ ኮምፒውተሬ ላይ ቀይ አደረግኩት። በዚያ መሃል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቢሮዎቹ ሁለተኛ ተሰብስበው ያልኩትን ሁሉ ተቀብለውኝ ነበር። በእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ መታረሙ ይጻፍ ጀመር፤ ሁላችንም ከአንድ ቋት መቅዳት ጀመርን። መለዋወጡ በመጨረሻ ሠራ፤ እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር። ስለዚህ እኔ ቀይ ያደረግኩትን ነጥብ በሚቀጥለው ጊዜ ከላይ የመጣው ቅጂ መልሶ ሰማያዊ አደረገው። ደግሜ ቀየርኩት፣ ደግሞ መለሰው። ካርታዬ ከሁሉም ቢሮ ካርታ ጋር በሚገባ ተስማማ። ስንት ዓመት የለፋሁለት ስምምነት ነው።

ክረምቱ ሲገባ አተት፣ ያ አጣዳፊው ተቅማጥና ትውከት፣ በየወንዙ ዳር ባሉ መንደሮች ገባ። እህቴና ባሏ ልጁን ይዘው አምቦ ሲደርሱ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ቆዳው ሲቆነጥጡት የማይመለስ ሆኖ ነበር። ጤና ጣቢያ አስገባነው። ጎበዝ ልጆች ነበሩ፤ ደም ሥሩን ፈልገው አገኙ፣ ግሉኮሱን አንጠለጠሉለት። እህቴ አላለቀሰችም። የሚንጠባጠበውን ጠብታ እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ትጸልይ ይሁን ትቁጠር አላውቅም።

በማግስቱ ልጁ ዓይኑን ገለጠ። ተርፏል። እህቴ ያን ጊዜ የጤና መኮንኗን ውሃ ማከሚያ እንድትሰጣት ለመነቻት፤ ለየመንደሩ እየታደለ እንደሆነ ሰምታለች። ልጅቷ በትሕትና የመንደሩን ስም ጠየቀች። ግድግዳዋ ላይ የተለጠፈውን ካርታ በጣቷ ተከትላ ሄደች። አዲስ ነው፣ ያማረ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ።

"አዴ፣ የእናንተ መንደር ንጹሕ ውሃ አለው" አለቻት። "ይኼው ሰማያዊ ነው። ማከሚያው የሚታደለው ውሃ ለሌላቸው ነው። ልጁን ያመመው ሌላ ነገር ይሆናል፣ እጅ በመታጠብ በኩል..."

"ስህተት ነው" አልኩ እኔ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። "ያ ውሃ አይጠጣም።"

ልጅቷ ደነገጠች። "ከውሃ መሥሪያ ቤት ነው የተላከልን" አለችኝ። "እርስዎ ከየት ነዎት?"

እህቴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ማንበብ አትችልም፤ ግን ካርታው ላይ ያለችውን ሰማያዊ ነጥብ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ሁሉም ገባት። "ላም አለኝ በሰማይ" አለች ቀስ ብላ።

ማከሚያውን ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ልሰጣት ስል አልተቀበለችኝም። "ያልቃል" አለችኝ። "ሲያልቅ አንተ መስክ ነህ፣ ወንዙ ሞልቷል፣ እሱ ይጠማዋል።" ልጁ ከጤና ጣቢያ የወጣ ቀን ከባሏ ጋር ቤቴ ድረስ አቅፋው መጣች። ግቢያችን ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ ቆማ ለብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ሚስቴን ጠርታ ልጁን እቅፏ ውስጥ አስቀመጠችው።

"እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

"ካርታህ ላይ ውሃ አለን አይደል?" አለችኝ። "እኔ ካርታው ላይ እኖራለሁ። ከብቱ አለ፣ እርሻው አለ፣ ባሌ አለ፤ የት እሄዳለሁ? እሱ ግን እዚህ ይኑር። አንዷን ቀብሬያለሁ፤ ይኼንን አልቀብርም።" ነጠላዋን አጥብቃ አሠረች። ልጁ እየጮኸ እጁን ሲዘረጋላት ዞር ብላ አላየችውም። ባሏ ተከትሏት ወጣ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ትመጣ ነበር። ስትሄድ ግን ልጁ እስኪያንቀው ያለቅሳል፣ ምግብም አይቀምስም። ሚስቴ ፈርታ ነገረቻት። እህቴ አሰበችበትና መምጣቱን ተወች። እስኪጠና ድረስ ነው አለች። ስልክ እየደወለች "ሆዱ ደህና ነው?" ብላ ብቻ ትጠይቃለች፤ ደህና ነው ስንላት ትዘጋዋለች። ልጁ ጠና። ጉንጩ ሞላ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ አፉን ፈታ፣ ሚስቴን እማዬ አላት።

ዓመት አልፎ በአንድ የገበያ ቀን መጣች። ጀሪካን ይዛ ነበር። ከስታለች፣ ከፊት ጥርሶቿ አንዱ የለም። ልጁ ግቢው ውስጥ ኳስ ይገፋል። ሰላም አላለችውም፤ ቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄዳ ጀሪካኑን ደቀነችና ከፈተችው። ውሃው ሲወርድ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። ልጁ ኳሱን ትቶ አያት አያትና ወደ ሚስቴ ሮጦ ቀሚሷን ያዘ።

"እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ ማናት?"

ሚስቴ እኔን አየችኝ። እኔ አፌን ከፈትኩ። እህቴ ግን ቧንቧውን ዘጋች፣ እንዳይንጠባጠብም ደግማ አጠበቀችው። ከዚያ ዞር ብላ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን በደንብ አየችው።

"ጎረቤት ነኝ፣ ልጄ" አለችው። "ውሃ ልቀዳ ነው የመጣሁት።"

ጀሪካኑን ልሸከምላት እጄን ስዘረጋ እጄን ገፍታ ራሷ ተሸከመችው።